ዜናው ወጪውን ብቻ አይንገረን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የመሠረት ድንጋይ ስለተጣለላቸውና ስለተመረቁ የመንግሥት ፕሮጀክቶች በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ዜናዎች፣ ከሥራዬም ጋር ስለሚገናኙ፣ በትኩረት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ «በዚህን ያህል ሚሊዮን ብር ወጪ» ብለው ይጀምሩና የተገኙትን የሥራ ኃላፊዎች ዘርዝረው ያበቃሉ። ገንዘቡ በበዛ ቁጥር ፕሮጀክቱም የዚያኑ ያህል መልካም እንደሆነ ተደርጎ ይቀርባል። ወጪ ግን ሕዝቡ የሚከፍለው ዋጋ እንጂ የሚያገኘው ጥቅም አይደለም፤ ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ፣ ለማን እንደሚደርስና ስንት ዓመት እንደሚቆይ የሚናገር ዜና ማግኘት ግን እጅግ አዳጋች ነው።

ይህን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም። በአንድ ዞን የፕላን ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ለዜናው መነሻ የሚሆነውን ሪፖርት ስጽፍ የኖርኩትም እኔና ባልደረቦቼ ነን። ስለ ወጪና ጥቅም ትንተና የተማርኩት ዘግይቼ በማታ ትምህርት ሲሆን መምህራችን በመጀመሪያው ቀን ያነሱት ጥያቄ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ «ፕሮጀክቱ ባይሠራ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» እኛ የለመድነው ከፕሮጀክቱ በፊት የነበረውን ከፕሮጀክቱ በኋላ ካለው ጋር ማወዳደር ነው። መንገድ በተሠራ በሦስተኛው ዓመት የወረዳው የስንዴ ምርት ከጨመረ፣ ጭማሪውን ሁሉ ለመንገዱ እንሰጠዋለን፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በዚያው ሦስት ዓመት ውስጥ መዳረሱን፣ መንገዱ ባይኖርም ከጭማሪው ከፊሉ መገኘቱ የማይቀር እንደነበር እንረሳዋለን።

ለመስክ ልምምድ የሄድነው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ወደተተከለበት አንድ ጎጥ ነበር። ስድሳ ያህል ቤተሰቦች የሚጠቀሙበት ሲሆን ፓምፑ ከመተከሉ በፊት እናቶችና ሴት ልጆች ወደ ምንጩ ለመውረድ፣ ወረፋ ለመጠበቅና ጀሪካን ተሸክመው ለመመለስ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅባቸው ነበር፤ ከተተከለ በኋላ ግማሽ ሰዓት በቂ ሆነ። አንድ ቤተሰብ በቀን ሁለት ሰዓት ካተረፈ ስድሳው ቤተሰብ 120 ሰዓት፣ በዓመት ደግሞ 43,800 ሰዓት ያተርፋል። በወረዳው ሰነድ ላይ የዚህ ሰዓት ዋጋ ዜሮ ነበር፤ ምክንያቱም ለሴቶቹ ድካም ደመወዝ የሚከፍል የለም። አንዱን ሰዓት በአሥር ብር ብቻ ብንተምነው እንኳ በዓመት 438,000 ብር ይሆናል። ከልጆች ጤናና ከትምህርት ቤት መቅረት የሚገኘውን ለውጥ ገና አልነካንም።

እኛ በደረስንበት ጊዜ ግን ፓምፑ ከቆመ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። የተበላሸው በውስጡ ያለ አንድ ላስቲክ ነው። ለመትከያው የተመደበ በጀት እንጂ ለጥገናው የተመደበ ስላልነበር፣ መለዋወጫውን የሚገዛም የሚያመጣም አልተገኘም። በእነዚያ ሰባት ወራት ወደ 25,000 የሚጠጋ የእናቶች ሰዓት ባክኗል። ፓምፑ በወረዳው ሪፖርት ላይ እስከዚያች ቀን ድረስ «ተሠርቶ የተጠናቀቀ» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር።

ትልቁም ፕሮጀክት በዚሁ መንገድ ይሰናከላል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ተሠርቶ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የትኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የትኬቱን ገቢ ብቻ አይቶ ባቡሩ ከስሯል ማለት ስህተት ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ፕሮጀክት ጥቅም በዋናነት ተሳፋሪው የሚያተርፈው ጊዜና ከመንገዱ የሚቀነሰው መጨናነቅ ነው። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚቆጠረው ባቡሩ ሲሄድ ነው። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት ሲቆሙ ጥቅሙ ቆመ፣ ዕዳው ግን አልቆመም። ለመለዋወጫው የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ በየዓመቱ ከየት እንደሚገኝ የሚያሳይ ዓምድ ከመጀመሪያው በስሌቱ ውስጥ ጎልቶ መታየት ነበረበት፤ እኛም አንባቢዎች ገና ግንባታው ሲጀመር ልንጠይቀው ይገባን ነበር።

ስለ ምንዛሪ ካነሳሁ አይቀር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። ከዚያ በፊት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የበዛባቸውን ፕሮጀክቶች በመንግሥት ተመን ብቻ ያሰላ ሁሉ ወጪያቸውን አሳንሶ አይቷል ማለት ነው። ትንተናውን የተማረ ባለሙያ ለዚህ ሲባል ከተለጠፈው ዋጋ ይልቅ ዕቃው ለሀገሪቱ ያለውን እውነተኛ ዋጋ ይፈልጋል። ጊዜም እንዲሁ ዋጋ አለው፤ ገንዘብ በዓመት አሥር በመቶ ሊያፈራ የሚችል ከሆነ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር ዛሬ 38 ብር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የዘገየ ፕሮጀክት የግንባታ ዋጋው ባይጨምር እንኳ ከስሯል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መሬቱ የሚወሰድበት ገበሬ ጉዳይ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚፈናቀል ባለይዞታ የሚከፈለው ካሳ የዓመታዊ አማካይ ገቢው አሥር እጥፍ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢው አሥራ አምስት እጥፍ እንዲሆን ተደርጓል። ጭማሪው ተገቢ ነው። ይሁንና በትንተናው ሰንጠረዥ የካሳውን ብር እንደ ወጪ መዝግቦ ማለፍ አይበቃም፤ ካሳ ገንዘቡን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚያሸጋግር እንጂ ራሱ ጥፋቱ አይደለም። ሀገር ያጣችው ያ ማሳ በየዓመቱ ይሰጥ የነበረውን እህል ነው። ካሳው ካነሰ ጉዳቱ ገበሬው ላይ ይቀራል፣ ከበዛ ወደ መንግሥት ይሻገራል፤ የጠፋው እህል ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው። ማን ተጠቀመ፣ ማን ተጎዳ የሚለው ዓምድ ከጠቅላላ ድምሩ ጎን ለብቻው መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የሰው ሕይወት በብር አይተመንም» ይላሉ። ስሜታቸውን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ተማኝ በሌለበት የሚጻፈው ዜሮ ነው፣ ያቺ እናት ጀሪካን የተሸከመችበት ሰዓትም የጠፋው በዚሁ ዜሮ ነው።

የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶችን አስተዳደር የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1210/2012 ፕሮጀክት በጀት ከማግኘቱ በፊት ተጠንቶ እንዲገመገም ያዛል። በወረዳና በዞን ደረጃ ግን በጀቱን የሚያጸድቁት የምክር ቤት አባላት ይህን ትምህርት የሚያገኙበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ የክልል መንግሥታት ሥልጠናውን ለባለሙያ ብቻ ሳይሆን ድምፅ ለሚሰጡትም እንዲያዳርሱ እጠይቃለሁ። ከእናንተ የምጠይቀው ደግሞ ትንሽ ነገር ነው። ከዛሬ ጀምሮ «በዚህን ያህል ብር ወጪ» ብላችሁ በጻፋችሁ ቁጥር ከሥሩ የሚጠበቀውን ጥቅም፣ ሊሠራ ይችል የነበረውን ሌላ አማራጭና ለዓመታዊ ጥገናው የተመደበውን ገንዘብ ጠይቃችሁ ጻፉልን። ኃላፊው መልስ ከሌለው «መልስ አልተሰጠም» ብላችሁ አትሙት። ለዘጋቢዎቻችሁ የሚረዳ ከሆነ በመስክ የተለማመድንበትን የስሌት ቅጽ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዞን ፕላን ባለሙያ