የቡችላን ጅራት በቤት ውስጥ ስለመቁረጥ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን ግብርና መምሪያ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ግብርና መምሪያ
የእንስሳት ጤና ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በየቤቱ የሚፈጸመው የቡችላ ጅራት ቆረጣ በእንስሳት ጤና ትምህርት ውስጥ እንዲካተት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ኅዳር ቤታችንን የምትጠብቀው ውሻ አምስት ቡችሎች ወለደች። ሁለቱን እንድንሰጣቸው የጠየቁን ጎረቤቶች «ጅራታቸው ተቆርጦ ይሰጠን፤ ጅራቱ ያልተቆረጠ ውሻ ኃይለኛ አይወጣውም» ስላሉን፣ በሰፈራችን ለዚህ ሥራ የሚጠራ አንድ ሰው ቡችሎቹ በተወለዱ በስምንተኛው ቀን መጣ። ይዞት የመጣው የሴት በግ ላት የሚቆርጥበትን ማጭድ ነበር። ማጭዱን እሳት ላይ አግሎ፣ ቡችላውን እኔው በሁለት እጄ እንደያዝኩለት፣ ጅራቱን ግንድ ላይ አስደግፎ ቆረጠው፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ መርቆን ሄደ። የመጀመሪያው ቡችላ በዚያው ሌሊት ሞተ። ሁለተኛው ሲቃ እያሰማ ዘጠኝ ቀን ቆየ፤ የጅራቱ ጉቶ አብጦ መግል ያዘ፣ መጥባት ተወ፣ እናቱም ከሌሎቹ ለይታ ገፋችው። በጨርቅ ጠቅልዬ በእግር ወደ አንድ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ብወስደው፣ እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ለውሻ የሚሆን መድኃኒትም ጊዜም እንደሌለው ነግሮኝ መለሰኝ። ቡችላው በመንገድ ላይ እጄ ውስጥ ሞተ።

ይህን የምጽፈው ቆራጩን ሰው ወይም ያንን ባለሙያ ለማስወቀስ አይደለም። ሰውየው አባቱ ያስተማረውን ሠራ፤ ባለሙያውም የነበረውን መድኃኒት ለከብትና ለበግ ማቆየት ነበረበት። ቡችላውን ይዤ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። የምጽፈው፣ ከዚያ ወዲህ የእንስሳት ሐኪሞችን ጠይቄ የተረዳሁት ነገር አስቀድሞ በቀበሌያችን ተነግሮ ቢሆን ኖሮ ማጭዱ እሳት ላይ እንደማይቀመጥ ስለማምን ነው።

አብዛኛው ሰው የውሻ ጅራት ከፀጉርና ከቆዳ ያለፈ ነገር ያለው አይመስለውም። እኔም አይመስለኝም ነበር። የውሻ ጅራት ግን የአከርካሪው ቀጣይ ነው፤ እንደ ዝርያው ቁጥራቸው ቢለያይም ወደ 20 የሚጠጉ ትንንሽ አጥንቶች፣ በመካከላቸው መገጣጠሚያ፣ በዙሪያቸው ጡንቻና ጅማት፣ በታች በኩል የሚያልፍ ደም ቅዳ፣ እስከ ጫፉም የሚደርሱ ነርቮች አሉት። በጅራቱ ሥር ያሉት ጡንቻዎች ከፊንጢጣ ዙሪያ ካሉት ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ «አሳጥረህ ቁረጠው» ተብሎ እስከ ሥሩ የሚቆረጥ ጅራት የሚጎዳው ጅራቱን ብቻ አይደለም። የጅራት አጥንት ተቆርጦ ሲከፈትና ሲመረቅዝ፣ ምርቀዛው ከቆዳ አልፎ ወደ አጥንት፣ ከአጥንትም ወደ ደም ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ጅራት መቁረጥ ጥፍር እንደ መቁረጥ ያለ ነገር ሳይሆን አካልን መቁረጥ ነው፤ በሕክምና ምክንያት ግድ ሲሆንም በማደንዘዣ፣ በንጹሕ መሣሪያ፣ ደም ሥሩን በማሰርና ቆዳውን በመስፋት የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ነው።

ስለ ደሙ ልናገር፤ የመጀመሪያው ቡችላ የሞተው በእርሱ ይመስለኛልና። በአንድ እንስሳ አካል ውስጥ ያለው ደም ከክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። 400 ግራም የሚመዝን ቡችላ እንግዲህ በአካሉ ያለው ደም ሁሉ ተጠራቅሞ ከ32 ግራም አይበልጥም፤ ይህም የቡና ሲኒ ግማሽ ያህል እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለእኛ «ትንሽ ደማ» የሚባለው፣ ጨርቅ ላይ የቀረው ቀይ ነጠብጣብ፣ ለእርሱ ሕይወቱን የሚያሳጣ መጠን ሊሆን ይችላል። በጋለ ብረት መተኮስ ደሙን ለጊዜው ቢያቆመውም፣ የተቃጠለው ሥጋ ሲላቀቅ ደሙ ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፣ እንደገና ሊፈስ ይችላል።

ከደሙ ጋር ብርዱ ይደመራል። አዲስ የተወለደ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ስፍራ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ያንን የሚያገኘውም ከእናቱ ገላና ከወንድሞቹ ነው። በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ የኅዳርን ሌሊት፣ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ሲነጣ ያየ ሰው፣ ደም የፈሰሰውና ከእናቱ የተለየ ቡችላ ምን እንደሚገጥመው ለመገመት አይቸገርም። በሸዋ ሮቢትና በሌላው ቆላ ደግሞ ብርዱ ቢቀር ዝንብ አለ፤ ክፍት ቁስል ላይ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልና በጥቂት ቀን ውስጥ ትል ይፈላበታል።

በማጭድ ወይም በምላጭ ፋንታ ጅራቱን በጎማ ቁራጭ ወይም በክር ጠበቅ አድርጎ አስሮ መተው የሚመርጡ አሉ። ደም ስለማይታይ ይህ ርኅራኄ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ደም የተከለከለው ጅራት በቀናት ውስጥ እየበሰበሰ የሚወድቀው በሕይወት ካለ አካል ጋር ተያይዞ እንዳለ ነው፤ ስቃዩም በአንድ ቅጽበት ከማለቅ ይልቅ ይራዘማል። ከዚህም በላይ አየር የማይደርስበት የሞተ ሥጋ በአፈርና በእበት ውስጥ ለሚኖረው የቴታነስ ጀርም የተመቸ ስፍራ ነው። ውሻ ከፈረስና ከሰው ይልቅ ቴታነስን ይቋቋማል፤ ሆኖም ጭራሽ አይያዝም ማለት አይደለም። ማጭዱ አዳልጦት ጣቱን የሚቆርጠው ሰው ግን መንጋጋ ቆልፍ ሊይዘው እንደሚችል ማወቅ አለበት። አመድ፣ እበትና ነጭ ጋዝም ቁስልን ያቆሽሻሉ፣ ያቃጥላሉ እንጂ አያድኑም።

«ቡችላ ገና ስለሆነ አይሰማውም» የሚለው አባባል ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የከነከነኝ ነው፤ እኔም ራሴ ብየዋለሁና። ቡችላው ሲቆረጥ ይጮኻል፤ ከተቆረጠ በኋላም የነርቮቹ ጫፎች ሲድኑ አላግባብ አብጠው ለዘለቄታው የሚያም እብጠት ሊሠሩ ይችላሉ። ሥቃዩን ላስታግስ ብሎ ለሰው የታዘዘ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚሰጥ ሰው ደግሞ የውሻውን ጨጓራና ኩላሊት ሊያጠፋ ይችላል። በሌላው ዓለም ጅራት የሚቆርጡ ሐኪሞች ይህን የሚያደርጉት ቡችላው በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ሙሉ ማደንዘዣ ግድ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ቡችላው ጠብቶ ሲያበቃ፣ አጥንቱ ከጠነከረና አዲስ ባለቤት ካገኘ በኋላ ነው፤ ያለ ማደንዘዣ።

ለምን እንደሚቆረጥ ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ አንድ ዓይነት አልነበረም። ኃይለኛ እንዲሆን፣ ቶሎ እንዲያድግ፣ አውሬ ወይም ሌላ ውሻ በጅራቱ እንዳይዘው፣ እንዲያምርበት ይላሉ። ውሻ ሌባን የሚያስደነግጠው በዝርያው፣ በአስተዳደጉና ከባለቤቱ ጋር ባለው ዝምድና ነው። ጅራቱ መቆረጡ ለዚህ የሚጨምርለት ነገር የለም። በመንዝና በጣርማ በር የበግ መንጋን ከጅብ፣ ከቀበሮና ከነብር ሲጠብቁ የኖሩ ውሾች ጅራታቸው ሙሉ ሆኖ ሲሠሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የበግ ላት የሚቆረጠው ለርቢ እንዲመች ነው ይባላል፤ የዚያ ምክንያት ተገቢነት ለብቻው የሚነሳ ሆኖ፣ የውሻው ግን የተዛመደው በማጭዱ ብቻ ነው።

እንዲያውም ጅራቱ ለሰው ደኅንነት ይጠቅማል። ውሻ ሲቆጣ ጅራቱን አቅንቶ ያቆመዋል፣ ሲፈራ በእግሮቹ መካከል ይሸጉጠዋል፣ ሲደሰት ያወዛውዘዋል። ልጆቻችን ይህን ሰው ሳያስተምራቸው ያነባሉ። ጅራት የሌለው ውሻ ከመንከሱ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ይጎድላል። ይህ ነገር ከናንተ ሌላ ትልቅ ሥራ ጋር ይገናኛል፤ እርሱም የእብድ ውሻ በሽታን መከላከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በእብደት በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ጅራት ለመቁረጥ ቡችሎችን ከእናታቸው ሥር የምናወጣበት ሰዓትም፣ ለወትሮው የዋህ የነበረችው እናት የምትነክስበት ሰዓት ነው፤ ቡችላውን እንዲይዝ የሚላከው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት የሚያውቀው ሰው በቀበሌያችን ጥቂት ነው።

ሌሎች አገሮች በጉዳዩ ላይ ሕግ አውጥተዋል። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ያጸደቀው የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ለመልክ ሲባል ጅራት መቁረጥን ይከለክላል፤ እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣችው ሕግ፣ ከሕክምናና ከተወሰኑ የሥራ ውሾች በቀር፣ ከልክላለች። እኔ ግን ዛሬ የምጠይቀው ቅጣት አይደለም። ቅጣት አስቀድሞ ቢመጣ፣ ሰው ቆረጣውን ይደብቃል፣ የመረቀዘበትን ቡችላም ወደ ክሊኒክ ከማምጣት ይልቅ ገደል ይጥለዋል።

የምጠይቀው ይህን ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ለመስጠት ወደ ቀበሌ የሚወጡ ባለሙያዎቻችሁ ሰው ውሻውን ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት ስለ ጅራት ቆረጣ አምስት ደቂቃ ይናገሩ፤ ከዚያ የተሻለ ጉባኤ አይገኝም። እድርና ሰንበቴ ላይም እንዲነገር ለቀበሌ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች መመሪያ ይተላለፍ። በየሰፈሩ ለዚህ ሥራ የሚጠሩት ሰዎች ቁጥራቸው ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ተጠርተው በአክብሮት ቢማሩ ከማንም ይልቅ እነርሱ ልማዱን ያስቀሩታል ብዬ አምናለሁ። ለመልክ ሲባል ጅራት ቁረጡልን ተብለው የሚጠየቁ ባለሙያዎችም እምቢ የሚሉበት ግልጽ አቋም ከመምሪያው ይሰጣቸው። ከሁሉ በፊት ግን፣ የተቆረጠበት ቡችላ ሲመጣ ባለቤቱ ሳይገሠጽ የሚታከምበት፣ ለውሻ የሚሆን የቁስል ማጠቢያ፣ ጸረ ተሕዋስያንና ማስታገሻ በጥቂቱም ቢሆን በየክሊኒኩ የሚገኝበት መንገድ ይመቻች።

እስከዚያው ይህን የሚያነብና ቤቱ ውስጥ የሚደማ ቡችላ ያለ ሰው ቢኖር፣ ንጹሕ ጨርቅ በጉቶው ላይ አድርጎ ሳያነሳ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይጫነው፤ አመድም እበትም አይንካው፤ ቡችላው ከእናቱ ጋር በሙቀት ይቆይ፤ ደሙ ካልቆመ፣ እብጠትና ሽታ ከታየ ወይም መጥባት ከተወ ሳይውል ሳያድር ወደ ባለሙያ ይውሰደው።

ከአምስቱ የቀሩን ሦስት ቡችሎች ጅራታቸው እንዳለ አድገዋል። አንዷን ጅራቷ ካልተቆረጠ አልፈልግም ያለው ጎረቤታችን ነገሩን ካስረዳነው በኋላ ወስዷታል፤ አሁን በጎቹን ትጠብቅለታለች። ቀጣዩ የክትባት ዘመቻ በወረዳችን ከመጀመሩ በፊት በዚህ ጉዳይ ምን እንደታሰበ ብታሳውቁን፣ በቀበሌያችን ሕዝቡን በመጥራትም ሆነ የደረሰብንን በመናገር ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከባሶና ወራና ወረዳ ነዋሪ