መርፌው ለምን አይዞርም? የፊዚክስ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን የዘንድሮ ርዕስ የምድር የጨረር ቀበቶዎች ነበሩ፦ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ፈጣን ኤሌክትሮንና ፕሮቶን አጥምዶ የያዘባቸው፣ ምድርን የከበቡ ሁለት ቀለበቶች፣ ውስጠኛውና ውጨኛው። እኔ ያሰብኩት የፀሐይ ምድጃ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።

በመማሪያ መጽሐፉ ላይ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ክብ ሠርቶ ይዞራል፣ ተማሪው ራዲየሱን ያሰላል፣ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይታለፋል። መስኩ እንደ ምድር መስክ አንድ ቦታ ጠንክሮ ሌላ ቦታ ሲላላ ምን እንደሚከተል የሚጠይቅ የለም። እኛ የጀመርነው ከዚያ ነው። አንድ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ከሪሲቨር ጋር አገናኘንና ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ወደ መስታወቱ አስጠጋን። ምስሉን የሚሥሉትን ኤሌክትሮኖች ማግኔቱ ስለገፋቸው የዜና አንባቢው ፊት ወደ ጎን ተጣመመ፣ ማግኔቱን ስንገለብጠው ወደ ሌላው ጎን። (ጀርባውን መክፈት የተከለከለ ነበር፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ቀልድ አያውቅም።)

ምድርን የከበበው ኤሌክትሮንም በዚያው ኃይል ይመራል። በመስክ መስመሩ ላይ ክር በእንዝርት እንደሚጠመጠም እየተጠመጠመ ይጓዛል፤ ወደ ዋልታው ሲቀርብ መስኩ ስለሚጠነክርበት ይመለስና ወደ ሌላኛው ዋልታ ይነጉዳል። ይህ ምልልስ አንድ ሰከንድ እንኳ ላይፈጅ ይችላል። በዚህ መሃል ወደ ጎንም ይንሸራተታል፦ ኤሌክትሮን ወደ ምሥራቅ፣ ፕሮቶን ወደ ምዕራብ። በውጨኛው ቀበቶ ያለ ፈጣን ኤሌክትሮን ምድርን ለመዞር አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል።

ተማሪዎቹ በጣም የወደዱት ግን ቀበቶዎቹ የተገኙበትን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 1958 የመጠቀችው ኤክስፕሎረር 1 የጀምስ ቫን አለንን የጨረር መቁጠሪያ ይዛ ነበር። መቁጠሪያው ከፍታ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ጨረር ጠፋ? የቫን አለን ባልደረባ ካርል ማክልዌይን ተመሳሳይ መቁጠሪያ በኤክስሬይ ፊት አስቀምጦ ሞከረው፤ ጨረሩ ከመጠን ሲያልፍ መሣሪያው ታፍኖ ዜሮ ያሳያል። ዜሮው የብዛት ምልክት ነበር ማለት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ዜሮ ባነበቡ ቁጥር «መሣሪያው ተበላሽቷል» ለሚሉት ተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላገኘሁም።

ግቢው ውስጥ በኖራ ንድፍ ሠርተናል፤ የምድር ራዲየስ አንድ እርምጃ ነው። በ2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከመሬቱ ክብ አንድ አሥረኛ እርምጃ ብቻ ርቃ ስለምትውል ከውስጠኛው ቀበቶ በታች ቀረች። የዲሻችን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውጨኛው ቀበቶ ውስጥ አረፈ። የቤታቸው ቴሌቪዥን እዚያ ጨረር ውስጥ ካለ ዕቃ እንደሚመጣ ሲያውቁ አንዳንዶቹ ደነገጡ።

ግንቦት 2 ቀን ዓርብ ማታ ታላቁ የመግነጢስ ማዕበል፣ ማለትም ከፀሐይ የተነሣ የምድር መስክ መናወጥ፣ መጣ። ሰኞ ዕለት ክበቡ ጢም ብሎ ሞላ። ከጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የዲኤስቲ (ማዕበል የምድርን መስክ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚያሳይ መለኪያ) ግራፉን አወረድን፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ዘለል ይላል፣ ከዚያ ያሽቆለቁላል፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ከ400 ናኖቴስላ በላይ ወርዶ ይገኛል። ፕሮቶኖችና ኤሌክትሮኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲንሸራተቱ የሚፈጥሩት የቀለበት ከረንት በማዕበል ጊዜ ያብጣል፤ የእርሱ መስክ የምድርን ይቀንሳል።

አንድ ልጅ ጠየቀ፦ እንደ ኮምፓስ መርፌ በክር ያንጠለጠልነውን ማግኔት ያን ሌሊት ብናይ ኖሮ ይዞር ነበር? እኔ ሳልመልስ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀስት ሣለች፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው በዚያው መስመር ወደ ደቡብ። «መርፌውን ያለሰልሰዋል እንጂ አያዞረውም» አለች። ትክክል ናት። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው ወገብ ቅርብ ስለሆነች መስኩ መሬቱን ታክኮ ወደ ሰሜን ይተኛል፤ ማዕበሉም በዚያው መስመር ነው የሚቀንሰው።

መፍትሔውም የልጆቹ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ ቋሚ ማግኔቶች አስቀምጠው መርፌውን 45 ዲግሪ አጣመሙት። አሁን የሰሜኑ ጉልበት ሲቀንስ መርፌው ይዞራል። የተለጠፈበት ትንሽ መስታወት የሌዘሩን ነጥብ ሦስት ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ ይጥላል፤ በስሌታችን የግንቦቱ ማዕበል ነጥቡን ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሰው ነበር። በስልክ ማግኔቶሜትር የሞከሩትም ነበሩ፤ ስልኩ 36 ማይክሮቴስላ (36 ሺህ ናኖቴስላ) ገደማ ያነባል፣ ግን የብረት ወንበር ሲጎተት የሚታየው ለውጥ ከማዕበሉ ይበልጣል።

የአዲስ አበባ መግነጢሳዊ ጣቢያ የተቋቋመው ኤክስፕሎረር 1 በመጠቀችበት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሰሞን ነው። ሆኖም ዲኤስቲ ከሚሰላባቸው አራት ጣቢያዎች ውስጥ የለም። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ቀን ቀን የሚፈስ ሌላ ከረንት አለ፤ እርሱን ከቀለበት ከረንቱ መለየት ያስቸግራል። በእኛም የሌዘር ነጥብ ላይ ይኸው ጣጣ ይጠብቀናል።

የ12ኛ ክፍል አባላት ለብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ስለተበተኑ የቀረውን የጨረሱት ታናናሾቹ ናቸው። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ከላብራቶሪው ጀርባ ያለችውን ዕቃ ቤት ነው፤ ጨለማ ናት፣ የብረት ወንበርም አይገባባትም።