ቅዳሜ ማንኪያ ይዛችሁ ኑ

ውድ የሥዕል ክፍል አባላት፣

የእርሳሱና የውሃ ቀለሙ ትምህርት አልቋል። ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ለ3 ሳምንት የኅትመት ሥዕል እንሠራለን፤ ይኸውም ንድፍ ቀርጸን፣ ቀለም ቀብተን ወረቀት ላይ ማተም ነው። ሊኖሊየሙን (ንድፉ የሚቀረጽበትን የወለል ንጣፍ ዓይነት) እና መቅረጫውን እኛ እናቀርባለን፤ እናንተ ሽርጥና አንድ ያረጀ የብረት ማንኪያ አምጡ። ማተሚያ መኪና ስለሌለን ወረቀቱን ከጀርባው የምናሸው በማንኪያ ነው፤ ውጤቱ ግን አያሳፍርም።

ቀለም የሚይዘው ሳይነካ የቀረው ገጽ ነው፤ የተቀረጸው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ምስሉም ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታተማል። እኔ መጀመሪያ ስሜን ስቀርጽ «ገ» ፊቷን አዙራ ወጣችና የሁለት ሰዓት ልፋቴ መሳቂያ ሆነ። ስለዚህ ንድፋችሁን በስስ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ገልብጡት።

ሊኖሊየም ሲቀዘቅዝ ይደነድናልና ጥቂት ፀሐይ ላይ እናሞቀዋለን። መቅረጫውን ሁልጊዜ ከሰውነታችሁ አርቃችሁ ግፉ፤ ሌላው እጃችሁ ከስለቱ ፊት አይሁን።