የውጤት ማያ ድረ ገጻችን ስለሚጠይቀው የኩኪ ፈቃድ

ለተከበራችሁ የተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣
ደሴ

የአንደኛው ወሰነ ትምህርት ፈተና ከጥምቀት በዓል በኋላ እንደሚጀመር እያስታወስን ወደ ዋናው ጉዳይ እናልፋለን።

የውጤት ማያ ድረ ገጻችን ሲከፈት «ኩኪ ይፈቅዳሉ?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ትምህርት ቤቱ ስልካችንን ሊሰልል ነው የሚል ወሬ ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ ተዛምቶ ቢሯችን ደርሷል። ኩኪ ድረ ገጹ በብራውዘራችሁ (ድረ ገጽ በምትከፍቱበት መተግበሪያ) ውስጥ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ሲሆን፣ በይለፍ ቃል ከገባችሁ በኋላ ገጽ በቀየራችሁ ቁጥር ማንነታችሁ እንደ አዲስ እንዳይጠየቅ ያደርጋል። ፎቶ አያይም፤ ስልክ ስታወሩም አይሰማም። ስሙ በእንግሊዝኛ ብስኩት ማለት በመሆኑ «የብስኩት ክፍያ ተጨመረብን» ብለው የመጡ ወላጅም ነበሩ፤ አልተጨመረም።

«ጉዳት ከሌለው ለምን ትጠይቁናላችሁ?» እንደምትሉ እንገምታለን። የምንጠይቀው ኩኪ ሁሉ አንድ ባለመሆኑ ነው። ለመግቢያ የግድ የሚያስፈልገው ሳይጠየቅ ይሠራል፤ ጎብኚ የሚቆጥረው ግን ይሁንታችሁን ይሻል። «አልፈቅድም» ያለ ወላጅም የልጁን ውጤት እንደማንኛውም ወላጅ ያያል። ሰውን ከድረ ገጽ ድረ ገጽ እየተከተለ ማስታወቂያ የሚያቀርበው የሦስተኛ ወገን ኩኪ እኛ ዘንድ የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድ በነጻነት የሚሰጥ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሳንጠይቅ ብንቀር ደግሞ «ለምን አልተጠየቅንም?» የምትሉት እናንተው ነበራችሁ። በእርግጥ መጀመሪያ «እፈቅዳለሁ» የሚለው ጎልቶ፣ «አልፈቅድም» የሚለው ከግርጌ በደቃቁ መጻፉ ጥፋታችን ነበር፤ አሁን ሁለቱ በእኩል መጠን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

የአንድ ተማሪ ውጤት በማያውቁት ሰው ታየ የተባለውንም አጣርተናል። ወላጁ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ውጤቱን አይተው «ውጣ» የሚለውን ሳይጫኑ ተነሡ፤ የመግቢያው ኩኪ ገና ስላልተሻረ፣ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ድረ ገጹን ሲከፍት የልጁ ነጥብ ተዘርግቶ ጠበቀው። «እኔ ገጹን ዘግቻለሁ» ይባላል፤ ገጽ መዝጋትና መውጣት ግን አንድ አይደሉም። ለማንኛውም ከዛሬ ጀምሮ 10 ደቂቃ ሳይነካ የቆየ መግቢያ በራሱ እንዲዘጋ አድርገናል።

«እንደ ድሮው በወረቀት ይሁንልን» የምትሉ ወላጆች ካርዱን ራሳችሁ ከመዝገብ ክፍል መውሰድ ትችላላችሁ። በልጆች እጅ አንልክም፤ አምና በላክናቸው ካርዶች ላይ ተፈርሞ ያየነውን የወላጅ ፊርማ ዓይነት ዛሬ አናነሳውም።

ከሠላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ