ያልተቃጠለውን መብራትም ቁጠሩልን

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ካሊፎርኒያ ሶላርና ስለ ትልልቆቹ የባትሪ ጣቢያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጥሩ ሥራ ነው። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ስለማይጻፍም አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ አንድ ነው። የዚህን ግዛት የኃይል ስኬት የለካችሁት በተተከለው ፓኔልና ባትሪ ብቻ ነው። ሳይቃጠል የቀረው መብራት አልተቆጠረም። እኔ እዚሁ ግዛት ፍሪጅና ኤሲ (የቤት አየር ማቀዝቀዣ) እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ከሥራዬ አንጻር ሲታይ ትልቁ ታሪክ እሱ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሶላር በቤት ጣሪያ ላይ ከመታየቱ በፊት ነው። በ1973 የአረብ አገራት ነዳጅ ሲከለክሉ አሜሪካ ውስጥ የቤንዚን ሰልፍ መጣ። በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ አርተር ሮዘንፌልድ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የታዋቂው የኤንሪኮ ፌርሚ ተማሪ ነው። አንድ ዓርብ ማታ ከቢሮው ሊወጣ ሲል ሰው የሌለባቸው የባልደረቦቹ ክፍሎች መብራታቸው ቦግ ብሎ ያያል። ላጥፋ ቢል ማጥፊያው የት እንዳለ በቀላሉ አይገኝም። ከመጻሕፍት መደርደሪያና ከፋይል ካቢኔት ጀርባ ተደብቋል። እዚያ ሕንፃ ውስጥ መብራት ማጥፋት ለማንም ትዝ ብሎት አያውቅም ማለት ነው። ሮዘንፌልድ የፊዚክስ ምርምሩን ትቶ ቀሪ ዕድሜውን ለዚህ ጉዳይ ሰጠ።

በ1974 የግዛቱ ገዢ ሮናልድ ሬገን ዋረን-አልኩዊስት የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። አዎ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሬገን። የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን የተወለደው ከዚህ ሕግ ነው። ያኔ የመብራት ፍላጎት በየዓመቱ እየጨመረ እንደሚሄድ ይታመን ነበር። ስለዚህ የኑክሌር ጣቢያን ጨምሮ ብዙ አዳዲስ ማመንጫዎች ታቅደው ነበር። ኮሚሽኑ ግን ሌላ ጥያቄም አነሳ። ይህን ሁሉ መብራት የሚበላው ምንድን ነው? አንዱ ትልቅ በላተኛ ማዕድ ቤት ውስጥ ተገኘ። ፍሪጅ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ አንድ አማካይ የአሜሪካ ፍሪጅ በዓመት 1800 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው። ሞተሩ ብዙ ኃይል እየወሰደ ጥቂት ይሠራል። በሩ ዙሪያ ጤዛ እንዳይዝ ተብሎ የማሞቂያ ሽቦ ሁሉ ይገጠምበታል። ማቀዝቀዣው በአንድ በኩል ያቀዘቅዛል፣ በሌላ በኩል ያሞቃል፣ ለሁለቱም ባለቤቱ ይከፍላል። ካሊፎርኒያ ከዚህ መጠን በላይ የሚበላ ፍሪጅ እዚህ አይሸጥም የሚል ደረጃ አወጣች። ደረጃው በየጊዜው ጠበቀ። ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸውን ማውጣት ጀመሩ። ፋብሪካዎች ደግሞ ለየግዛቱ የተለያየ ፍሪጅ መሥራት አያዋጣቸውም። በመጨረሻ በ1987 አገር አቀፍ ሕግ ወጣ። የፈረሙትም ያው ሬገን ናቸው። ዛሬ የሚሸጥ የቤተሰብ ፍሪጅ ከያኔው ሰፋ ይላል። የሚበላው ግን በአማካይ በዓመት 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ ሲታይ የመሸጫ ዋጋውም ወርዷል።

ይህን ለውጥ በየቀኑ በእጄ እነካዋለሁ። የድሮውን ፍሪጅ ስከፍት ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ሞተር፣ አንድ ፍጥነት ብቻ ነው የሚያውቀው። ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል፣ ወይ ቀጥ ይላል። ሲነሳ ደግሞ ብዙ ኃይል ይስባል። ሲነሳ የቤቱ አምፖል ለቅጽበት ደብዘዝ የሚለው በእሱ ነው። አዲሱ እንደ ሙቀቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀስ ብሎ እየዞረ ውሎ ያድራል፣ ድምፁም አይሰማም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ፎምም ወፍራምና ድፍን ነው። ይህን ሁሉ ደንበኛው አያየውም። እሱ የሚያየው በሩንና መደርደሪያውን ነው። ቁጠባው የተደበቀው ማንም በማያየው ቦታ ስለሆነ ነው ሕግ ያስፈለገው። ገዢው ሱቅ ቆሞ ሊያወዳድረው አይችልም።

ሌላው ብልህ ውሳኔ የሂሳብ ነው፣ ስለዚህ ብዙ አይወራለትም። በተለመደው አሠራር የመብራት ኩባንያ ብዙ በሸጠ ቁጥር ብዙ ያተርፋል። እንዲህ ያለውን ኩባንያ ደንበኞችህን ቁጠባ አስተምር ማለት ዋዛ ነው። ካሊፎርኒያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ገቢውን ከሽያጩ መጠን ነጠለችው። ለኩባንያው የሚፈቀደው ገቢ ቀድሞ ይወሰናል። ሽያጩ ከታሰበው ቢያንስ ወይም ቢበልጥ በቀጣዩ ታሪፍ ይስተካከላል። ስለዚህ ደንበኛው ሲቆጥብ ኩባንያው አይከስርም። አሠራሩ መሃል ላይ ቆሞ እንደገና ተመልሷል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የአንድ ካሊፎርኒያዊ የመብራት ፍጆታ ባለበት ቆመ። የመላው አሜሪካ አማካይ ግን በግማሽ ያህል አደገ። ኢኮኖሚው ግን አልቆመም። በ2024 የግዛቱ ጠቅላላ ምርት በዶላር ሲሰላ ጃፓንን አልፎ ከዓለም 4ኛ ሆኗል።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። የቆመው ሁሉ በሕግ አይደለም። ባሕሩ ዳር ያለው አየር ለዘብ ያለ ነው። ከባድ ኢንዱስትሪ ሌላ ቦታ ሄዷል። መብራት ውድ መሆኑም ሰውን ቆጣቢ አድርጎታል። እነዚህ ሁሉ ተቀንሰው ግን የፍሪጁ ቁጥር አለ። ፍሪጅ ባሕር ዳር ሆነ በረሃ፣ የሚሠራው ያው ነው።

ከ2022 አንድ ምሽት ላንሳ። ሴፕቴምበር 6 ቀን ነው። ሙቀቱ ሰው የሚያቃጥል ነበር። ሁሉም ቤት ኤሲ ከፍቷል። አብዛኛውን ግዛት በሚያገለግለው የመብራት መረብ ላይ የኃይል ፍላጎቱ 52,061 ሜጋ ዋት ደረሰ። እስከዚያ ቀን ታይቶ የማይታወቅ ነው። ፀሐይ እየጠለቀች ስለሆነ ሶላሩ እየወረደ ነው። በፈረቃ መብራት ሊቋረጥ ጫፍ ላይ ተደረሰ። ከቀኑ 11፡45 ገደማ በሚሊዮኖች ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ የአደጋ ጊዜ መልእክት ጮኸ። የማያስፈልጋችሁን መብራት አጥፉ፣ ጤናችሁ ከፈቀደ ቀንሱ ነው የሚለው። ፍላጎቱ ወዲያው መውረድ ጀመረ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከ2000 ሜጋ ዋት በላይ ቀነሰ። ይህ የሁለት ትልልቅ የኑክሌር ሪአክተር ኃይል ነው። መብራቱ በፈረቃ ሳይቋረጥ አመሸ። ያን ምሽት ግዛቷን ያዳናት ማመንጫ ብቻ አልነበረም። ኤሲውን ሁለት ዲግሪ ከፍ ያደረገውና የልብስ ማጠቢያውን ያዘገየው ሰው ጭምር ነው።

ታዳሽ ኃይልን ላንቋሽሽ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። በ2018 ጄሪ ብራውን የፈረሙት ሕግ በ2045 ለሸማቾች የሚሸጠው መብራት በሙሉ ከንጹሕ ምንጭ እንዲሆን ያዛል። ግሩም ግብ ነው። ባትሪዎቹም እንዳላችሁት ተአምር ሠርተዋል። በ2024 ኤፕሪል ከ10,000 ሜጋ ዋት አልፈዋል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቀትር ላይ ሶላሩ ይተርፋል። በ2022 ብቻ ከ2 ሚሊዮን ሜጋ ዋት ሰዓት በላይ የሶላርና የነፋስ ኃይል ተቀባይ አጥቶ እንዲቀር ተደርጓል። አመሻሽ ላይ ደግሞ እጥረት ነው። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ዋጋ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ቁጠባ ዛሬ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ጥቂት መብላት ነው። ሌላው በትክክለኛው ሰዓት መብላት ነው። ሰውነቱ በደንብ የታሸገ ቤት ቀትር ላይ በርካሽ ቀዝቅዞ እስከ ምሽት ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሚያፈስ ቤት ይህን አይችልም። ግድግዳው ራሱ ባትሪ ሊሆን ሲችል፣ ባትሪ የምንለው በኮንቴይነር የሚመጣውን ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ከዚህ ግዛት ቤተሰብ ከአሥሩ ከአራት በላይ የሚሆነው ተከራይ ነው። ብዙዎቻችን የእናንተ አንባቢዎች እዚያ ውስጥ ነን። ተከራይ ጣሪያ የለውም፣ ሶላር አይተክልም። ግድግዳው የሱ አይደለም፣ ኢንሱሌሽን (ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳያልፍ የሚከላከል ሙሌት) አይጨምርም። ፍሪጁንና ኤሲውን የሚመርጠው አከራዩ ነው። ቢሉን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። የሚገዛው አንድ ሰው፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነ ርካሹና በላተኛው ዕቃ ነው የሚገዛው። አከራዩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሂሳቡ ወደዚያ ስለሚገፋው ነው።

አንድ የምሄድበትን ዓይነት ቤት ላሳያችሁ። ላይኛው ፎቅ ነው። መስኮቱ ወደ ምዕራብ ያያል፣ መስታወቱ ነጠላ ነው። ግድግዳው ላይ የተገጠመው ኤሲ ዕድሜው ጠግቧል። ሽፋኑን ሳነሳው የጀርባው ጥቅል ቱቦ በአቧራ ተደፍኗል። ሙቀቱን የሚያስወጣበት ስለሌለ ኮምፕሬሰሩ ከሰዓት በኋላ እረፍት የለውም። ፍሪጁ አጠገብ ስሄድ የበሩ ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። ወረቀት በበሩና በጎማው መሃል አስገብቼ ስስበው ምንም ሳይይዘው ይወጣል። እናትየዋ የሚጠይቁኝ ያው ጥያቄ ነው። "ልጄ፣ ቴሌቪዥን እንኳ አንከፍትም፣ ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚመጣብን?" አከራያቸው ጋ ስደውል መልሱ "ይሠራል አይደል?" ነው። ይሠራል። ለተመሳሳይ ቅዝቃዜ አዲሱ ኤሲ ሲሶ ያህል ያነሰ ይወስድ ነበር። ልዩነቱን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። እዚህ ግዛት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለመኖሪያ ቤት 30 ሳንቲም ገደማ ነው። የአገሪቱን አማካይ እጥፍ ይጠጋል። የሰደድ እሳት መከላከያ ወጪውም፣ የመስመር ዕድሳቱም ታሪፉ ላይ ተጨምሯል። ዋጋው እንዲህ ከሆነ በላተኛ ዕቃ ድሃ ቤት ላይ የተጣለ ግብር ነው።

ሕጉ እዚህ ጋ ሲደርስ ይዳከማል። በ1978 የወጣው የግዛቱ የሕንፃ ኃይል ቁጠባ ደረጃ የሚመለከተው አዲስ ቤትና ትልቅ እድሳት ነው። ብዙው የሚከራይ ቤት ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ አከራይ በአዲስ ውል የሚሠራ ፍሪጅና ምድጃ እንዲያቀርብ የሚያዝ ሕግ ወጥቷል። ጥሩ ነው፣ ደግ ሕግ ነው። ግን ዋናው መስፈርት ዕቃው መሥራቱ ነው። ምን ያህል መብላት እንዳለበት ገደብ ቢጨመርበት ኖሮ ሮዘንፌልድ የጀመረው ሥራ እስከ ተከራዩ ማዕድ ቤት ይደርስ ነበር።

እስከዚያው ግን አንባቢዎቻችሁ ዛሬውኑ ሊጠቀሙበት የሚችሉት ነገር አለ፣ እሱን ብትጽፉልን ትልቅ ውለታ ነው። የገቢ ደረጃን ለሚያሟሉ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ደንበኞች ኬር (CARE) የሚባል ቅናሽ አለ። ከመብራት ቢል ከ30 እስከ 35 በመቶ ይቀንሳል። ሌላው የኢነርጂ ቁጠባ ድጋፍ የሚባለው ነው። እንደ ቤቱ ሁኔታ የበር ክፍተት ይደፍናሉ፣ አምፖል ይቀይራሉ፣ ያረጀ ፍሪጅ እስከ መተካት ይሄዳሉ። ለነዋሪው በነፃ ነው። ተከራይም ያመለክታል። ለአንዳንዱ ሥራ የአከራዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። በከተማ አስተዳደር የሚተዳደሩት የመብራት ድርጅቶች ደግሞ የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው፣ ደውሎ መጠየቅ ነው። በየቤቱ ስሄድ ማመልከት የሚችል፣ ግን ሰምቶት የማያውቅ ሰው ነው የሚበዛው። ፎርሙ አስቸጋሪ አይደለም። የሚነግረው ሰው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ስለ ግዛቱ ኃይል ስትጽፉ የተተከለውን ሜጋ ዋት ቁጠሩ፣ ግን እዚያው ላይ ሁለት ነገር ጨምሩ። ኢነርጂ ኮሚሽኑን ለተከራይ ቤት ዕቃዎች ምን ዓይነት ደረጃ እንዳሰበ ጠይቁልን። የኬርንና የቁጠባ ድጋፉን የገቢ መጠንና የማመልከቻ መንገድ ደግሞ በአማርኛ አውጡልን። እናትና አባት አንብበው በራሳቸው መሙላት እንዲችሉ ይሁን። የሚያስቸግር ቴክኒካዊ ቃል ካለ እኔ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣

የፍሪጅና የኤሲ ጥገና ባለሙያ
ካሊፎርኒያ