ለልጄ፤ ስለ ትንንሽ የፓስቴል ሥዕሎች

ይድረስ ለውድ ልጄ፤ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ጉንፋኑ ለቋት ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ትምህርትሽን ስትጨርሺ እንደ እኔ ጠመኔ በሚመስለው ደረቅ ቀለም፣ በለስላሳ ፓስቴል፣ የዕቃና የፍራፍሬ ሥዕል እየሣልሽ ለመተዳደር ማሰብሽን፣ መምህርሽ ግን ይህ የጀማሪ መለማመጃ እንጂ የሙሉ ሠዓሊ ሥራ አይደለም ማለቱን ጽፈሻል። ውሳኔው ያንቺ ነው፤ ይሁን እንጂ የሥራውን ጠባይ ከእኔ ሳትሰሚ እንድትገቢበትም ሆነ እንድትተዪው አልፈልግም።

የመምህርሽ አስተያየት የቆየ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የሥዕል አካዳሚ ሰዎች የታሪክና የሃይማኖት ሥዕልን ከሁሉ በላይ፣ የዕቃና የፍራፍሬ ሥዕልን ከሁሉ በታች አድርገው ደረጃ አውጥተው ነበር። ዣን ሲሜዮን ሻርደን በ1728 እ.ኤ.አ. አካዳሚው ሲቀበለው በእንስሳትና በፍራፍሬ ሠዓሊነት ተመዝግቦ ነው፤ ያን ጊዜ ከእርሱ በላይ ይቀመጡ ከነበሩት ብዙዎቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው ሰው ጥቂት ነው። እርግጥ የሻርደን የዕቃ ሥዕሎች በዘይት ቀለም የተሠሩ ናቸው፤ ወደ ፓስቴል የዞረው በስተርጅናው ዓይኑ ሲታመምበት ነው፣ በፓስቴል የሣለውም በአብዛኛው የሰው ፊት ነበር። ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው የጄኔቫው ዣን ኤትየን ሊዮታር ነው፤ ዕድሜውን የሰው መልክ በመሣል ሲተዳደር ኖሮ በ80 ዓመቱ ገደማ ፍራፍሬን በፓስቴል መሣል ያዘ። እንግዲህ ለመለማመጃ ነው እንዳይባል፣ ሰውዬው የተለማመደውን የሚሠራበት ብዙ ዕድሜ አልቀረውም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ዕቃው ልምጣ። ፓስቴል የቀለም ዱቄት ከነጭ ጠመኔ ጋር ተለውሶ፣ በጣም ጥቂት ሙጫ ተጨምሮበት፣ በጣት መጠን ተድቦልቡሎ የደረቀ ነገር ነው። የዘይት ቀለም ዘይቱ እያደር ቢጫ ይሆንበታል፤ ፓስቴል ግን ዘይት ስለሌለው ቀለሙ ጥሩ እስከሆነና ከፀሐይ እስከተጠበቀ ድረስ እንደተሣለ ይቆያል። ጉዳቱ ደግሞ ዱቄቱን የያዘው የወረቀቱ ሻካራነት ብቻ መሆኑ ነው። ዱቄቱን የሚያጣብቀውን ፈሳሽ፣ ፊክሳቲቭ የሚባለውን፣ እረጭበታለሁ ብትዪ ደማቁ ብርሃን ይጨልምብሻል፤ እኔ ከሥር ላሉት ንብርብሮች እንጂ ለመጨረሻው አልጠቀምበትም። ስለዚህ ሥዕሉ መስታወት ይፈልጋል፤ መስታወቱም ዱቄቱን እንዳይነካ በመካከላቸው ክፍተት የሚያቆይ የወፍራም ወረቀት ክፈፍ ያስፈልጋል። ሰዎች ሥዕሎቼ ለምን ትንንሽ እንደሆኑ ሲጠይቁኝ ስለ ትሕትናዬ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ፤ እውነቱን ለመናገር መጠናቸውን የወሰነው መስታወቱ ነው። ትልቅ መስታወት ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲጓዝም ከደጀን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ አይምረውም። መስታወቱ ቢተርፍ እንኳ መንገጫገጩ ከትልቅ ሥዕል ላይ ዱቄት ያራግፋል። አንድ ሙሉ ወረቀት ለአራት ቆርጬ የምሠራው ግን በደህና ይደርሳል፤ ዋጋውም አስተማሪና ነርስ ገዝተው ግድግዳቸው ላይ ሊሰቅሉት የሚችሉት ይሆናል።

ስለ ዱቄቱ ሌላም አለ፤ ይህን ቸል እንዳትዪ። ከወረቀቱ ላይ የተረፈውን ዱቄት በአፍሽ እፍ አትበይ፤ ሰሌዳውን ወደ ደጅ አውጥተሽ ከጀርባው መታ መታ አድርጊው። ከቀዮቹና ከቢጫዎቹ አንዳንዶቹ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት አለባቸው፤ ሳንባ ውስጥ መግባት የሌለበት ነገር ነውና ጭምብል ይኑርሽ፣ እጅሽን ሳትታጠቢም እህል እንዳትነኪ። እኔ ከሰሌዳው ሥር የታጠፈ ወረቀት ዘርግቼ የሚረግፈውን ሁሉ አጠራቅማለሁ። ሁሉም ቀለም ሲደባለቅ ግራጫ ይሆናል፤ ጠብታ ውኃ ጨምሬ በመዳፌ አድቦልቡዬ ሳደርቀው፣ በየትም ሱቅ የማይሸጥ፣ አንዴ ወደ ወይን ጠጅ አንዴ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፓስቴል ይወጣዋል። የጀበናዎቼ ጥላ በሙሉ የተሠራው በዚህ ነው። ጀበና ጥቁር ነው ብለሽ በጥቁር እንዳትጀምሪ። ከሥር ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ ቅቢበት፣ ጥላውን በግራጫው ያዢ፣ በጣትሽ አትሺው፤ በመጨረሻ አንገቱ ላይ የምታርፈዋን የብርሃን ነጥብ በለስላሳው ነጭ አንድ ጊዜ ጫን አድርገሽ እጅሽን አንሺ። ደግመሽ ከነካሻት ትጠፋለች።

በመጻሕፍት ሁሉ የሠዓሊ መስኮት ወደ ሰሜን ይሁን የሚል ታገኛለሽ። ይህ ለፓሪስ ሰው እንጂ ለጎጃም ሰው ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ፓሪስ ላይ የቀትር ፀሐይ ምንጊዜም በደቡብ በኩል ስለሆነች የሰሜን መስኮት ዓመቱን ሙሉ የረጋ ብርሃን ያስገባል። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ አናታችንን አልፋ በሰሜን በኩል ትሆናለች። ግንቦት ላይ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ያስተካከልኩት የዘጌ ሎሚ በአንድ ጊዜ ብርሃን ሲወጋው ጥላው ሁሉ ይለወጥብኛል። መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ አቡጀዲ መጋረድ ነው፤ የረጋው ብርሃን እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ያሠራል። ክረምት ሲገባ ደመናው ይህን ችግር ያቃልልልኛል፣ ነገር ግን እርጥበቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ሙጫውና ወረቀቱ ሻጋታ ይወዳሉና በሐምሌ ሥዕል በመስታወት አላሽግም።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ልሁን። ደህና ፓስቴል የሚመጣው ከውጭ አገር በሰው እጅ ነው፣ ስለዚህ ስባሪው ሳይቀር ይሠራበታል። በከተማችን ሆቴሎች እንግዳ ሲጠፋ ገቢዬ አብሮ ይጠፋል፤ ያኔ ከእጅ ወደ አፍ የሆነውን ኑሮ የያዘችው እናትሽ መሆኗን አንቺም ታውቂዋለሽ። እንግዳ ሲመጣም አብዛኛው የሚሻው በብራና የተሣለውን፣ የዘጌውን ገዳም የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ መላእክት የሚመስለውን ነው። እኔ ያንን ሙያ ስለማከብር አስመስዬ አልሣልኩም፤ አንቺም በችግር ቀን ይህ ፈተና እንደሚመጣብሽ ከወዲሁ ዕወቂው። የቡሬ በርበሬ ዛላና የሸክላ ሰሐን የሣልኩበትን ሥዕል የሚገዛው ሰው ብዙውን ጊዜ ያገሬ ሰው ነው፤ ሳይከራከር አይገዛም፣ ከገዛ በኋላ ግን ለሁለተኛ ይመለሳል።

ለበዓል ስትመጪ ከመርካቶ የምሥልበት ጥቂት ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይዘሽልኝ ነይ፤ እዚህ ያለው ሻካራው ብቻ ነው፣ ፓስቴሉን ይበላዋል። የሣልሻቸውንም አምጪያቸው፤ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገሽ፣ በየመካከላቸው ልሙጥ ወረቀት አስገብተሽ፣ በሁለት ካርቶን አጣብቀሽ እሰሪያቸው፤ መኪናው ጣራ ላይ ሳይሆን ጭንሽ ላይ ይሁኑ። አብረን አይተናቸው የትኞቹ መስታወት እንደሚገባቸው እንመርጣለን፤ የመስታወቱን ሒሳብ ለዚህ ጊዜ እኔ እችለዋለሁ።

አባትሽ
ባሕር ዳር