ሚኒስትር ሲሾም ያልተጠየቀ ፊልድ ለጀማሪ ባለሙያ ለምን ይጠየቃል?

ለኢፌዴሪ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚወጣውን የትምህርት ዘርፍ ገደብ ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። የእግር ኳስ አሠልጣኙ ማኑኤል ፔሌግሪኒ አገራችን መጥቶ ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ «የስፖርት ሥልጠና ባለሙያ፣ በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ቢያነብ መመዝገብ ይችላል? አይችልም። ዲግሪው ሲቪል ምህንድስና ነዋ።

ሰውየውን ለረሳ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2013 ማንቸስተር ሲቲን ተረከበ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን ወሰደ። ቡድኑ በዚያ ዓመት በሊጉ 102 ጎል አግብቷል። (የሊቨርፑል ደጋፊዎች፣ ያንን ዓመት ስላነሳሁባችሁ ይቅርታ።) ፔሌግሪኒ የቺሊ ሰው ነው። ለዩኒቨርሲዳድ ዴ ቺሌ ተከላካይ ሆኖ እየተጫወተ ጎን ለጎን ምህንድስና ተማረ፤ በ1979 ተመረቀ። ማሠልጠን ከጀመረ በኋላም ቅጽል ስሙ «ኢንጂነሩ» ሆኖ ቀረ። ቪያሪያልን የሚያህል የትንሽ ከተማ ክለብ ይዞ በ2006 ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። እዚያ ያስቆመው አርሰናል ነው፤ ያውም የአርሰናሉ በረኛ ሌማን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ፍጹም ቅጣት ምት ባያድን ኖሮ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ይሄድ ነበር።

ግን ሩቅ አገር ምን ወሰደኝ? የራሳችን አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ አሉ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመረቁ። ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ሄደው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በምህንድስና ያዙ። የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን በዲንነት መሩ። ከዚያ የደቡብ ክልል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር። ፖለቲካቸውን መውደድና አለመውደድ ሌላ ነገር ነው። በሹመታቸው ቀን ግን «የውጭ ጉዳይ ሥራ ከሲቪል ምህንድስና ጋር አይገናኝም» ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። ዶክተር ኢንጂነር ስለሺ በቀለም እንዲሁ ናቸው። የውኃ ሚኒስትር ሆነው የህዳሴውን ግድብ ድርድር ከመሩ በኋላ አምባሳደር ሆነው ዋሽንግተን ሄዱ። ተቃዋሚውም ጎራ ቢሆን ከኢንጂነር አልጸዳም። በ1997ቱ ምርጫ የቅንጅት ሊቀመንበር ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ነበሩ፤ ሰማያዊ ፓርቲን ኢንጂነር ይልቃል ጌትነት መርተዋል።

እንግዲህ የላይኛው በር ክፍት ነው። ለሹመት የሚታየው ሌላ ሌላ ነገር ነው። ፊልድ የሚጠየቀው ታች፣ «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ላይ ነው። እዚያ ላይ የሥራ መደቡ ተጽፏል፣ ተፈላጊ ችሎታው ተጽፏል፣ ከሥሩ አምስት ወይም ስድስት የዲግሪ ስሞች ተደርድረዋል። የአንተ ከሌለ አለቀ። ፈተና የለ፣ ቃለ መጠይቅ የለ። ነገሩ ምዝገባ መስኮቱ ላይ ያልቃል።

እኔ ራሴ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቅ ነኝ፤ እንጀራዬ ግን ጽሑፍ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ይፈለጋል ሲባል የታተሙ ጽሑፎቼን በክላሰር ይዤ ሄድኩ። የሰው ሀብት ሠራተኛዋ ክላሰሩን አልከፈተችውም። ዲግሪዬን አየች፣ ወረቀቷን አየች። «ኢንጂነር ሆነህ እዚህ ምን ልትሠራ ነው? ሳይት አይሻልህም?» አለችኝ፣ ከልቧ አዝናልኝ። በእሷ አልፈርድም። ከተጻፈላት ዝርዝር ብትወጣ ኦዲት የምትደረገው እሷ ናት። በነገራችን ላይ ሚስተር ቢን ሆኖ የሚያስቀን ሮዋን አትኪንሰን የኔው ፊልድ ሰው ነው። ኒውካስል ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሮ፣ ማስተርሱን ኦክስፎርድ ይዞ ነው ወደ ቀልድ የገባው። እሱ መስኮት ላይ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ኢንጂነር ማን አመጣው? መንግሥት ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ 70/30 የሚባለው ፖሊሲ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 100 ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሂድ ተባለ። ከዚያ 70 ውስጥ 40ው የምህንድስናና የቴክኖሎጂ ድርሻ ነበር። ተማሪው ምርጫውን ሞላ፤ የመደበው ግን መንግሥት ነው። አምስት ዓመት ተማረ። ሲወጣ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ሳይት አልነበረም። ከዚያ ያው መንግሥት በሚያወጣው ማስታወቂያ ላይ «ፊልድህ አይገናኝም» ይለዋል። አንዱ መሥሪያ ቤት የላከውን ልጅ ሌላው መሥሪያ ቤት አላውቀውም ሲል ልጁ ማንን ይጠይቅ?

ሙላቱ አስታጥቄም በወጣትነቱ ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲያጠና ነበር። እዚያ ሙዚቃ ያዘው። ለንደን ሙዚቃ ተማረ፤ ከዚያ ቦስተን ሄዶ የበርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። ቀጥሎ የመጣውን ኢትዮ ጃዝ ዓለም ያውቀዋል። ዛሬ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ የምህንድስና ተማሪ «ትምህርት ክፍል ልቀይር» ቢል ምን እንደሚገጥመው የሞከሩት ይንገሯችሁ። ይህ ግን የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ነው፤ ልለፈው።

ሕንድን ተመልከቱ። ለማዕከላዊ መንግሥቷ ከፍተኛ ሲቪል ሰርቪስ ለመፈተን የሚያስፈልገው ከታወቀ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ዲግሪ ነው። የምንም ይሁን። ከዚያ የመጀመሪያ ዙር ፈተና አለ፣ ዋና የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ። ፈተናው ጨካኝ ነው፤ የሚያልፈው በጣም ጥቂት ሰው ነው። ከሚያልፉት ውስጥ ግን ኢንጂነሮች ብዙ ናቸው። አርቪንድ ኬጅሪዋል በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቆ ታታ ስቲል ሠራ። ፈተናውን አልፎ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት ገባ። ኋላ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ የዴልሂ ዋና ሚኒስትር ሆነ። እኛ ዘንድ ቢሆን የታክስ ኦፊሰር ማስታወቂያ ላይ «አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ» የሚለውን አንብቦ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ገደቡ ከላላ በዘመድ የሚገባው ይበዛል ትሉኝ ይሆናል። ስጋቱ ገብቶኛል። ዝርዝሩ የተጻፈውም አንዱ ኃላፊ የአክስቱን ልጅ በፈለገው ወንበር እንዳያስቀምጥ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። የአክስት ልጅስ ቢሆን ፊልዱ ተስተካክሎለት አይደል እንዴ የሚገባው? ማስታወቂያው ራሱ በእሱ ልክ የሚሰፋበት ጊዜ መኖሩን እኛ ሥራ ፈላጊዎቹም እናውቃለን። ዘመድን የሚያስቆመው ፈተና ነው። ስም ሳይታይ የሚታረም፣ ውጤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፈተና።

ሁሉም ነገር ለሁሉም ይከፈት እያልኩም አይደለም። የድልድይ ዲዛይን የሚፈርመው ሲቪል ኢንጂነር ይሁን። ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱ፣ ዐቃቤ ሕጉ በየሙያ ፈቃዳቸው ይግቡ። የማወራው የሙያ ፈቃድ ስለማይጠይቁት መደቦች ነው። ሕዝብ ግንኙነት፣ ዕቅድና ክትትል፣ ሥልጠና፣ የደንበኞች አገልግሎት። በእነዚህ ላይ የታሪክ ምሩቁም፣ የሶሺዮሎጂ ምሩቁም፣ የፊዚክስ ምሩቁም ከእኛ ጋር ይፎካከር። የሚቀርብኝ ነገር የለም፤ ከበለጠኝ ይግባ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። ሪፎርም ላይ ነን ስትሉ እየሰማን ነው። ከእነዚህ መደቦች አንዱን፣ ለምሳሌ ሕዝብ ግንኙነትን፣ ምረጡ። ማስታወቂያው ላይ «በማንኛውም የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ» ብላችሁ ጻፉ። ተመዝጋቢውን ሁሉ አንድ ፈተና ላይ አስቀምጡት፤ ዜና ይጻፍ፣ መግለጫ ያዘጋጅ፣ የተናደደ ባለጉዳይ ስልክ ደውሎ ሲጮህበት ምን እንደሚል ይታይ። ለአንድ ዓመት ሞክሩት። ከዚያ ውጤቱን በትምህርት ዘርፍ ለይታችሁ ለሕዝብ አውጡ። ኢንጂነሮቹ በጅምላ ከወደቁ እኔም ሁለተኛ አልጽፍላችሁም።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ምሩቅ